የአዲስ አበባ ታሪክና የነጋዴው መዝገብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ ከማንም ይልቅ ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል። ነጋዴ የሰጠውንና የተቀበለውን፣ የገዛውንና የሸጠውን፣ በዱቤ የለቀቀውንና በእጁ የቀረውን ካልጻፈ ዓመት ሳይሞላው ትርፉን ከኪሳራው ለመለየት ይሳነዋል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚታማ አይደለም፤ ለዕለት ሥራው የሚያስፈልገውን ጽፏል፣ አስጽፏልም። የሚታማው በሌላ ነገር ነው። ይኸውም የጻፈውን መዝገብ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደ ተራ ወረቀት ቆጥሮ መጣሉ፣ በዚህም ምክንያት የገዛ ከተማው ታሪክ ሲጻፍ ምስክር ሆኖ ሳይቀርብ መቅረቱ ነው።

ስለ አዲስ አበባ የተጻፉት መጻሕፍት ጥቂቶች አይደሉም። አብዛኞቹ ግን የቆሙት በመንግሥት ሰነድ፣ በሌጋሲዮኖች ደብዳቤና ከውጭ አገር በመጡ መንገደኞች ማስታወሻ ላይ ነው። ስለዚህም አንባቢ ቤተ መንግሥቱ መቼ እንደ ታነጸ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መቼ እንደ ተተከለ፣ ጉባኤው በየትኛው አዳራሽ እንደ ተደረገ በቀላሉ ያገኛል። ነገር ግን በዚያው ዓመት አንድ ጣቃ አቡጀዲድ በስንት ብር እንደ ተሸጠ፣ ከጅማ የመጣው ቡና በማን በረንዳ እንደ ተራገፈ፣ ለአዲሱ ሱቅ የመጀመሪያውን ዱቤ ማን እንደ ሰጠ ሊያውቅ ቢፈልግ የሚመልስለት አያገኝም። ከተማ በአዋጅ ብቻ እንደማይቆም የታወቀ ነው፤ በየቀኑ የሚያቆመው ግዢና ሽያጭ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባን ዘመናት በዚህ በኩል አንድ በአንድ መመልከት ይገባል።

ከፍል ውሃ እስከ ባቡር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባደረጉበት ዘመን ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ የኦሮሞ ሕዝብ ፊንፊኔ ብሎ የሚጠራው፣ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ለም መሬት ነበር። እንጦጦ ለጠባቂ ምቹ ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ ውሃና እንጨት የሚያጥርበት ሥፍራ ስለ ነበረ እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህም በ1879 ዓ.ም. መሆኑ ይነገራል። ከዚያ በኋላ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በየጉብታው እየሰፈሩ፣ ሠራዊታቸውና አገልጋያቸው በዙሪያቸው እየከተመ ከተማይቱ እንደ ታላቅ ጦር ሰፈር ሆና አደገች። ዛሬም የብዙው መንደር ስም «ሰፈር» በሚለው ቃል መጨረሱ ከዚሁ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ሰፈር ከተማ የሚሆነው ገበያ ሲቆምለት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ለአዲስ አበባ ይህን አደረገላት። በቅዳሜ ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ቡናውን፣ ቆዳውን፣ ፈረሱንና በቅሎውን ይዞ ይሰበሰብ ነበር። መገበያያው ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ገበያውን የሚያስተዳድረውና ቀረጡን የሚያስከፍለው ነጋድራሱ ነው። ይህ ማዕርግ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደ ነበረ ለመረዳት የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ንግዱንና የውጭ ግንኙነቱን አንድ ሰው መያዙም የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዕቃ የሚሸጥ ወይ ዕቃ የሚገዛ ነበርና።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሕዝቡ ቁጥር በድንገት ስለ ጨመረ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አለቀ። ጫካው እየራቀ ሲሄድ መናገሻውን እንደገና ማዛወር ግድ ሊሆን ነበር፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማም ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ መሥራት ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ ከመፈታት የዳነችው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሌጋሲዮኖቹ በብዙ ወጪ የድንጋይ ቤት ሠርተው ስለ ነበረ መልቀቁን አለመውደዳቸው ነው። ሁለተኛው ከአውስትራሊያ ዘር የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመቆረጥ የሚደርስ፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ መሬት ያለው ሁሉ ተከለው። ከተከላውም ንግድ ተወለደ። የእንጦጦን ዳገት ወጥተው ወርደው ማገዶ በጀርባቸው እያመጡ ከተማይቱን ያበሰሉትና ያሞቁት ሴቶች ስማቸው በአንድም መዝገብ ሳይጻፍ ለብዙ ትውልድ የሠሩ ነጋዴዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

በዚያው ዘመን ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ፤ ባንክ፣ የመሬት ባለቤትነትና ባቡር። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. በተደረገው ውል ተቋቁሞ በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ እጅ ተመረቀ። በ1900 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በከተማው ውስጥ መሬት በግል መያዝ ሲፈቀድ ቤት በጭቃና በሣር ብቻ መሥራት ቀርቶ በድንጋይና በቆርቆሮ መሥራት የሚያዋጣ ሆነ፤ ሰው ነገ እንደማይነሣ ባወቀበት መሬት ላይ ገንዘቡን ያፈስሳልና። ባቡሩ ደግሞ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ብዙ ክርክርና የገንዘብ ችግር ስለ ገጠመው አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጂቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ጉዞ መንገደኛ ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ለነበረው ነጋዴ ይህ እንደ ተአምር የሚቆጠር ነው። ለገሃር የሚለው የሰፈሩ ስምም የባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው።

በባቡሩና ከእርሱም በፊት በሲራራው ተከትለው የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች ገብተው በአራዳ ዙሪያ ሱቅ ከፈቱ። የሕንዱ የመሐመዳሊ ንግድ ቤት ጨርቃ ጨርቅና ሸቀጥ በብዛት ከሚያስመጡት አንዱ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በ1896 ዓ.ም. ገደማ ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ አፍ ሲነገር ኖሯል። የየመን ሰዎች በየመንደሩ የከፈቱት ትንሽ ሱቅ «አረብ ቤት» እየተባለ ስኳሩን በኩባያ፣ ዘይቱን በጠርሙስ፣ ላምባውን በኩራዝ መጠን እየሸነሸነ ለድኻው ያደርስ ነበር። ከአገር ተወላጆች ወገን ደግሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚደኸይ አስረድተዋል። እኚህ ሰው የጉምሩክንና የባቡርን ሥራ በቅርብ ያውቁ ስለ ነበረ የጻፉት ከመዝገብ ተነሥተው እንጂ በአሳብ ብቻ አልነበረም። የመዝገብ ጥቅም ከዚህ በላይ በምን ይገለጣል?

ገበያው የተናወጠባቸው ሦስት ጊዜያት

የመጀመሪያው መናወጥ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማይቱ ከወጡ በኋላና የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ቀናት የንግዱ ሰፈር ተዘረፈ፣ ብዙውም ተቃጠለ። በዚያ እሳት ውስጥ የጠፋው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ የዱቤ ደብተርም ነደደ። ደብተሩ የነደደበት ነጋዴ የሰው ዕዳ በእጁ እያለ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ በኋላ ገዥዎቹ ከተማይቱን በዘር ከፍለው የአራዳውን ገበያ ለአውሮፓውያን ይዘው ፒያሳ አሉት፤ የአገሩን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አውጥተው መርካቶ ብለው ሰየሙት። የመሐመዳሊም ንግድ ቤት በ1929 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት የካቲት 12 ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ግን ከማንኛውም የንግድ ጉዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከነጻነት በኋላ የሆነው ነገር ግን የአዲስ አበባን ነጋዴ የሚያስመሰግን ነው። ለመለየትና ለማራቅ ተብሎ የተመሠረተውን መርካቶን ተወላጁ ነጋዴ የራሱ አደረገው። ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው ወጣት ጫማ በመጥረግ፣ ሸቀጥ በትከሻው በማዞር ጀምሮ በዕቁብ ባገኘው ገንዘብ ሱቅ እየያዘ፣ ወንድሙንና የአክስቱን ልጅ እያስመጣ ገበያውን ሞላው። ከዶርዜ የመጣው ሸማኔ፣ ከመንዝና ከቡልጋ የመጣው የእህል ነጋዴ፣ ከሐረር የመጣው ባለ ጨርቅ በየተራው ቦታውን ያዘ። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ የሚሉት ስሞች ማንም የከተማ መሐንዲስ ያላወጣቸው፣ ሥራው ራሱ ያወጣቸው ናቸው። ከመርካቶ የተገኘው ትርፍም በመርካቶ ብቻ አልቀረም፤ በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተሰብስበው ወደ አገራቸው መንገድ ያስወጡት ከዚሁ ገበያ በተዋጣ ገንዘብ ጭምር ነው።

የንግድ ምክር ቤትም በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ ብዙው የንግድ ቤት ጸሐፊ ቀጠረ፤ ደብዳቤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከነካርቦኑ በሁለትና በሦስት ቅጂ እየተጻፈ፣ ቁጥርና ቀን እየተሰጠው በፋይል ይቀመጥ ጀመር። ከተማይቱም በ1951 ዓ.ም. ለአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነች፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። እንግዶቹ የሚያርፉበትን ሆቴል፣ የሚበሉትን ምግብ፣ የሚሳፈሩበትን መኪና ያቀረበው የከተማው ነጋዴ እንደ ነበረ ግን በጉባኤው ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይነሣም።

ሁለተኛው መናወጥ የ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ በጥር ወር ታላላቅ ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች፣ በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። በዚህ ጊዜ የተወረሰው ሕንጻ በቦታው ቆመ፤ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ። የቀድሞው ባለቤት የደብዳቤ ፋይልና የሂሳብ መዝገብ ግን ለአዲሱ ኃላፊ የማይጠቅም ሆኖ ስለ ታየ በየምድር ቤቱ ተጣለ፤ ወረቀቱም ለመጠቅለያነት ዋለ። ብዙ የውጭ ተወላጆችም ሦስትና አራት ትውልድ ከኖሩበት ከተማ ለቀው ሲሄዱ መዝገባቸውን ወይ ይዘው ሄዱ፣ ወይ ትተውት ሄዱ። በሁለቱም መንገድ ለአዲስ አበባ ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ እንደገና ሲፈቀድ፣ በ1987 ዓ.ም. የአዋሽ ባንክ ተከፍቶ የግል ባንክ ዘመን ሲጀመር፣ የሃያ ዓመቱ ክፍተት ምን ያህል ልምድ እንደ ቀበረ ታየ። አዲሱ ነጋዴ አባቱ በ1960 ዓ.ም. የሚያውቀውን ነገር ከሀ ብሎ መማር ነበረበት።

ሦስተኛው መናወጥ አንባቢ ሁሉ በዓይኑ ያየው ነው። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ወዲያውም በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ፣ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች መፍረስ ጀመሩ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አያት ለአባት፣ አባት ለልጅ ያወረሱት ሱቅ ከመሬት ጋር እኩል ሆነ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት አወደመ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ወርም በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራውን ጥንታዊ ሆቴል እሳት ጎድቶት እንደ ነበረ አይዘነጋም።

ክርክሩና መልሱ

እዚህ ላይ ፍርድ ሳያዘነብሉ መናገር ያስፈልጋል። አሮጌ ሁሉ ይቅር አይባልም። በዝናብ የሚያፈስ፣ መጸዳጃ የሌለው፣ እሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንደር ውስጥ መነገድና መኖር ክብር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ እንጦጦን ትታ ወርዳ የተሠራች ከተማ ስለሆነች መለወጥ ባሕርይዋ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን 700 ሺሕ በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት፣ ከዚያም ወዲህ እየሰፋች የሄደች ከተማ ሰፊ መንገድ ሊኖራት ግድ ነው። ነገር ግን መለወጥና መርሳት አንድ አይደሉም። እንጦጦን የለቀቁት ሰዎች የእንጦጦን ታሪክ አልጣሉም። ቤቱ ሊፈርስ ይችላል፤ በቤቱ ውስጥ ምን እንደ ተሠራ የሚናገረው ወረቀት ግን ከቤቱ ጋር የሚፈርስበት ምክንያት የለም። ፍራሹን ለመጫን የሚመጣው መኪና መዝገቡንም አብሮ ከጫነ ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው።

በተጨማሪም ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ የጥቅምም ነው። የአንድ ሱቅ ዋጋ በግድግዳውና በጣሪያው ብቻ አይለካም። ደንበኛው ቦታውን ማወቁ፣ ጎረቤት ነጋዴው በዱቤ ማመኑ፣ አቅራቢው ስሙን መልመዱ ከሸቀጡ የሚበልጥ ሀብት ነው። ነጋዴው ሲነሣ ወይም ሲቃጠልበት ይህን ሀብቱን ለማስረዳት በእጁ የሚይዘው ምንድን ነው? ስንት ዓመት እንደ ነገደ፣ በዓመት ስንት እንደ ሸጠ፣ ምን ያህል ዕቃ በመጋዘን እንደ ነበረው የሚያሳይ መዝገብ በሌላ ቦታ ካላስቀመጠ በመድን ድርጅት ፊትም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ቃሉ ብቻ ይቀራል። ቃል ደግሞ እንደሚረሳ ምሳሌው ነግሮናል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለ ሀብቶች ተከፍቷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ በ2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ጀምሯል። የውጭ ነጋዴ በአዲስ አበባ ሱቅ ሲከፍት የመጀመሪያው ጊዜ አለመሆኑን ከላይ የተባለው ያስረዳል። በአራዳ ዘመን የአገሩ ነጋዴ ከሕንዱና ከግሪኩ ጋር እንዴት እንደ ተወዳደረ፣ በምን እንደ ተሸነፈ፣ በምንስ እንደ አሸነፈ የሚያውቅ ሰው ለዛሬው ፉክክር ተዘጋጅቶ ይቀርባል። የማያውቅ ግን አያቱ የከፈለውን ዋጋ ዳግመኛ ይከፍላል። አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ የሚያስብ የቤተሰብ ድርጅትም ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው የኋላ ታሪኩን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አንዳንድ ሰዎች «አሮጌ መዝገብ ማስቀመጥ የግብር ጣጣ ማስቀመጥ ነው» ይላሉ። በሕግ የተወሰነው ዘመን ያለፈበት መዝገብ ግን ከዘመኑ ሰው ይልቅ የሚያስፈልገው ለታሪክ ጸሐፊ ነው። ምስጢር እንዳይወጣ የሚሰጋም ሰው ወረቀቱን ለተወሰነ ዓመት፣ ለምሳሌ ለሠላሳ ዓመት ማንም እንዳይከፍተው በውል አስሮ በአደራ ሊሰጥ ይችላል። ሌሎች ደግሞ «አሁን ሁሉም በኮምፒዩተር ነው» ይላሉ። ይህ ይልቁን የሚያሳስብ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጥቂት ዓመት ሲቆይ ፊደሉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ይቀራል። ኮምፒዩተሩም ሲበላሽ በውስጡ ያለው አብሮት ይሄዳል። በ1950ዎቹ በቀለም የተጻፈው ደብተር እስከ ዛሬ ሲነበብ የትናንቱ ደረሰኝ የማይነበብ ከሆነ ሥልጣኔው በዚህ በኩል ጎድሎበታል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ከቦታው ከመነሣቱ ወይም ዕድሳት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ወረቀት አንድ ታማኝ ሰው አይቶ ሳይለየው ምንም ነገር እንዳይጣል ትእዛዝ ይስጥ። የሂሳብ መዝገብ፣ የደብዳቤ ቅጂ፣ የባቡር ማጓጓዣ ሰነድ፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ የዕቁብ ዝርዝር፣ የኪራይ ውል፣ አሮጌ ማኅተምና ሰሌዳ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ለዚህ ሥራ ከድርጅቱ ጸሐፊና ከሂሳብ ያዡ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ የትኛው ፋይል ምን እንደያዘ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛ፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም በሳጥን የተቀመጠ ፎቶግራፍ ሁሉ በጀርባው የሰዎቹ ስም፣ ቦታውና ዓመቱ ይጻፍበት። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ የማንም አይደለም።

ሦስተኛ፤ የሚፈርስ ሱቅ ከመፍረሱ በፊት በፊት ለፊትና በውስጥ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በግራና በቀኝ የነበሩት ጎረቤቶች፣ የሚሸጠው ዕቃ፣ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን በአንድ ገጽ ይጻፍ። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

አራተኛ፤ የዋናው መዝገብ ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ሥፍራ ይቀመጥ። ሸማ ተራ ያስተማረው ትምህርት ይህ ነው።

አምስተኛ፤ የንግድ ምክር ቤቱ ከአባሎቹ የሚሰጠውን አሮጌ መዝገብ የሚቀበልበት አንድ ክፍል ያዘጋጅ። ለሚያስረክበው ሰው ደረሰኝ ይስጥ፤ የአደራውን ውል ያክብር። ሙያውን በሚመለከት በ1936 ዓ.ም. ተመሥርቶ በተለምዶ ወመዘክር ከሚባለው ቤተ መዛግብትና ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ምክር ይጠይቅ። ሽማግሌ ነጋዴዎችንም በሕይወት ሳሉ አነጋግሮ ቃላቸውን ያስጽፍ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ ለአንድ ቀን የእራት ግብዣ ከሚወጣው የሚበልጥ አይሆንም፤ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ ነው።

ቤተ መንግሥት ታሪኩን የሚጽፍለት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያንም ደብተራ አላት። የገበያው ጸሐፊ ግን ነጋዴው ራሱ ነው። ከባሕር ዛፉ እስከ ባቡሩ፣ ከአራዳ እስከ መርካቶ አዲስ አበባን በየጠዋቱ በሯን ከፍቶ ያቆማት ነጋዴው ሆኖ ሳለ የከተማይቱ የዘመን መጽሐፍ ያለ እርሱ ምስክርነት እንዲዘጋ ቢተው ወቀሳው በሌላ በማንም ላይ አይወድቅም። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ የሚያወርሱት ግን ሲኖር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ባለቤት ይህን ሳምንታዊ ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በዕቃ ቤቱ ጥግ አቧራ የለበሰውን ሳጥን ሳያይ እንዳይውል ይለመናል።